ለመንግሥት ሥራ የተሰጠው ገንዘብ

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ አንድ ወረቀት ይዞ ቤቴ መጣ፡፡ ውጭ አገር በሚገኙ የሕዝብ ፖሊሲ ትምህርት ቤቶች ለሁለተኛ ዲግሪ ሊያመለክት ነው፡፡ «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ያንብቡልኝ» አለኝ፡፡ ትምህርቱን ለምን እንደፈለገው የሚገልጽ ጽሑፍ ሲሆን፣ የመጨረሻው መስመር «ተመልሼ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሕዝቤን ለማገልገል» ይላል፡፡ የሕግ ሰው መጠየቅ ልማዱ ነውና «የትኛው መሥሪያ ቤት?» አልኩት፡፡ ሳቀ፡፡ «እሱማ ለማመልከቻው ያህል ነው እንጂ…» ብሎ ሳይጨርሰው ተወው፡፡

ልጁን አልፈርድበትም፡፡ ይህችው ያላለቀች ዓረፍተ ነገር አሜሪካን አገር ለስድስት ዓመታት ያህል ፍርድ ቤት ያመላለሰች፣ ለጠበቆች ብቻ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣች ጉዳይ ናት፡፡ የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያ ሙግት ነው፡፡ (ካልገለጽኩ በስተቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

በመጀመሪያ እነዚህ ትምህርት ቤቶች ምንድን ናቸው? እኛ ሕግ ስንማር የሚቀርብልን ጥያቄ «ተፈቅዷል ወይስ አልተፈቀደም?» የሚል ነበር፡፡ የሕዝብ ፖሊሲ ተማሪ የሚጠየቀው ደግሞ «ይሠራል ወይ? ስንት ያስወጣል? ማን ይጠቀማል፣ ማንስ ይጎዳል?» ተብሎ ነው፡፡ ስለዚህ ኢኮኖሚክስ፣ ስታቲስቲክስና የበጀት ሥራ ይማራል፤ ጊዜ ለሌለው ሚኒስትር አንድን ጉዳይ በሁለት ገጽ አሳጥሮ ማቅረብንም ይለማመዳል፡፡ በሲራክዩስ ዩኒቨርሲቲ የማክስዌል ትምህርት ቤት በ1924፣ የፕሪንስተኑ በ1930፣ ዛሬ በኬኔዲ ስም የሚጠራው የሃርቫርዱ ደግሞ በ1936 ተመሠረቱ፡፡ እኔን የሚስበኝ የፕሪንስተኑ ታሪክ ነው፡፡

በ1961 ቻርልስ ሮበርትሰንና ባለቤቱ ማሪ ለፕሪንስተን 35 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ አክሲዮን ሰጡ፡፡ ቻርልስ በ1926 ከዚያው ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሲሆን፣ ማሪ ኤ ኤንድ ፒ የተባለው ትልቅ የሸቀጣ ሸቀጥ መደብሮች ኩባንያ ወራሽ ነበረች፡፡ ስማቸው እንዲታወቅ ስላልፈለጉ ለዓመታት ሰጪው ማን እንደሆነ ለሕዝብ አልተነገረም፡፡ ጊዜው የቀዝቃዛው ጦርነት ነው፡፡ አሜሪካ በየአገሩ የምትልካቸው፣ ዓለምን የሚያውቁ የመንግሥት ሠራተኞች ያስፈልጓት ነበር፡፡ (በነገራችን ላይ፣ እኛም ዘንድ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት በዚያው ዓመት ነው፡፡)

ባልና ሚስቱ ቼክ ፈርመው ብቻ ዞር አላሉም፡፡ ገንዘቡን የሚይዝ ራሱን የቻለ ፋውንዴሽን ተቋቋመ፡፡ በመመሥረቻ ጽሑፉም ዓላማው ተጻፈ፤ ይኸውም ራሳቸውን ለሕዝብ አገልግሎት የሰጡ ሰዎች ለመንግሥት ሥራ፣ በተለይም የፌዴራሉ መንግሥት ከውጭ ግንኙነት ጋር በተያያዙ መሥሪያ ቤቶቹ ለሚሠራው ሥራ የሚዘጋጁበትን የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ማቆም ነው፡፡ በቦርዱ ላይ ካሉት ሰባት ወንበሮች አራቱ በዩኒቨርሲቲው፣ ሦስቱ በቤተሰቡ በኩል የሚሞሉ ሆኑ፡፡ አራት ለሦስት መሆኑን አንባቢ ያስታውስልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ፡፡

ገንዘቡ ሥራውን ሠራ፡፡ ዛሬም በሮበርትሰን ስም የሚጠራ ሕንፃ ተነሣ፤ ንድፉን ያወጣው ኋላ የኒውዮርክን መንትያ ሕንፃዎች የነደፈው ሚኖሩ ያማሳኪ ነው፡፡ ጎበዝ ተማሪዎች ሳይከፍሉ ተማሩ፡፡ ነገር ግን ከተመረቁት መካከል ወደ አማካሪ ድርጅት፣ ወደ ባንክ፣ ወደ ዓለም አቀፍ ተቋምና ወደ ኤንጂኦ የሚሄደው ብዙ ሆነ፡፡ ባልና ሚስቱ ካረፉ በኋላ፣ በ2002 ልጃቸው ዊልያምና ሌሎች የቤተሰቡ አባላት በኒው ጀርሲ ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ፡፡ ክሳቸው ሁለት ፈርጅ ነበረው፤ አንደኛ ትምህርት ቤቱ ለመንግሥት የሚሆን ሰው በበቂ አላወጣም፣ ሁለተኛ የፋውንዴሽኑ ገንዘብ ለማይመለከተው የዩኒቨርሲቲው ሥራ ውሏል የሚሉ ነበሩ፡፡

ዩኒቨርሲቲው የተመረቀን ሰው እጁን ይዞ ቢሮ ማስገባት እንደማይችል፣ የሕዝብ አገልግሎትም ከ1961 ወዲህ መልኩን እንደለወጠና ቀድሞ መንግሥት ብቻ ይሠራው የነበረውን ዛሬ መያዶችና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ጭምር እንደሚሠሩት ተከራከረ፡፡ በእኔ ግምት ይህ መልስ ስለ ተማሪዎቹ ሲሆን ጠንካራ ነው፤ ነፃ ሰውን ወደ ሥራ በግድ መንዳት አይቻልም፡፡ ስለ ገንዘቡ ሲሆን ግን ይላላል፡፡ ተማሪው ቢቀየርም የመመሥረቻ ጽሑፉ ቃል አልተቀየረምና፡፡

አሁን ወደ አራት ለሦስቱ ልመለስ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚያ ነው፡፡ በአሜሪካን ሕግ በጠቅላላው ለበጎ አድራጎት የሰጠ ሰው ከሰጠ በኋላ «ቃሌ አልተከበረም» ብሎ የመክሰስ መብት የለውም፡፡ ስጦታው የሕዝብ ስለሆነ የሕዝብ ጠበቃ የሚሆነው የግዛቱ ዐቃቤ ሕግ ነው፤ እሱ ደግሞ ሌላ ሥራ አያጣም፡፡ ሮበርትሰኖች ችሎት መግባት የቻሉት ለጋሾች ስለነበሩ ሳይሆን እነዚያ ሦስት ወንበሮች ስለነበሯቸው ነው፡፡ እኛም በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ንብረትን ለማይመለስ ዘላቂ የሕዝብ ጥቅም መመደብን የሚመለከቱ ድንጋጌዎች ስለነበሩን ነገሩ ለሕግ ተማሪ እንግዳ አይደለም፡፡ እንግዳ የሚሆነው ወንበር የሌለው ሕዝብ ሲጠይቅ ነው፡፡

ጉዳዩ ለፍርድ ሳይደርስ በታኅሣሥ 2008 በስምምነት አለቀ፡፡ በዚያን ጊዜ 35 ሚሊዮኑ ወደ 900 ሚሊዮን ዶላር ግድም አድጎ ነበር፡፡ አሮጌው ፋውንዴሽን ፈረሰ፤ ገንዘቡም በዩኒቨርሲቲው ሙሉ ቁጥጥር ሥር ሆኖ ትምህርት ቤቱን መርዳቱን ቀጠለ፡፡ ቤተሰቡ ለጠበቃ ላወጣው 40 ሚሊዮን፣ ለመንግሥት ሥራ የሚዘጋጁ ወጣቶችን ለሚረዳ አዲስ ፋውንዴሽን ደግሞ 50 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል ተስማሙ፡፡ ሁለቱም ወገኖች አሸነፍን አሉ፡፡ አዲሱ ፋውንዴሽን ካለፈው ተምሮ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ለሚማሩ ወጣቶች ወጪያቸውን ይሸፍናል፤ ተማሪውም በበኩሉ ሲመረቅ በፌዴራል መንግሥት እንደሚሠራ ቃል ይገባል፡፡ ፕሪንስተንም ቢሆን ዝም ብሎ አልተቀመጠም፡፡ ሙግቱ ሳያልቅ በ2006 ወጣቶችን ወደ ፌዴራል መንግሥት የሚያስገባ ልዩ ፕሮግራም ጀምሯል፡፡ በዚህ በኩል ክሱ ፍሬ አላፈራም አይባልም፡፡

ትምህርት ቤቱ ከዚያ ወዲህ ስሙንም ቀይሯል፡፡ ከ1948 ጀምሮ ይጠራ የነበረው የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት፣ ኋላም የአገሪቱ ፕሬዚዳንት በነበረው በዉድሮው ዊልሰን ስም ነበር፡፡ ዊልሰን በ1887 ስለ አስተዳደር ጥናት በጻፈው ጽሑፍ የመስኩ አባት ከሚባሉት አንዱ ነው፡፡ በእሱ ዘመነ መንግሥት ግን በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጥቁር ሠራተኞች ከነጮች እንዲለዩ ተደርጓል፡፡ በዚህ ምክንያት ዩኒቨርሲቲው በሰኔ 2020 ስሙን አነሣው፡፡ ስለ መንግሥት ሠራተኛ ጽፎ የመንግሥት ሠራተኛን በቀለም የለየ ሰው ስም፣ ለዚያ በር የሚመጥን አልነበረም፡፡

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ለመንግሥት ሥራ ሰው የማሠልጠኑ ሐሳብ ለኛም አዲስ አይደለም፡፡ የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ፣ ኋላ ዩኒቨርሲቲ የሆነው፣ የተከፈተው በ1987 ዓ.ም. ለዚሁ ነው፡፡ እኛ የምንታመነው በውል ነው፤ መንግሥት ያስተማረው ሠራተኛ ይህን ያህል ዓመት አገለግላለሁ ብሎ ይፈርማል፣ ዋስ ይጠራል፡፡ ውሉ እግር ያስራል፡፡ ዓመቱ በሞላ ማግስት መልቀቂያ የሚያስገባውን ግን ውል አይዘውም፣ ደመወዙና አለቃው እንጂ፡፡ ለፕሪንስተን ከሮበርትሰኖች ሌላ ጠያቂ አልነበረውም፤ በኛ ግብር ለተማሩት ደግሞ ከመካከላቸው ስንቱ ቢሮው ውስጥ እንደቀረ የሚጠይቅ ሦስት ወንበር ያለው ማነው?

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ነገርኩትና «ወይ መስመሩን ሰርዘው፣ ወይ የመሥሪያ ቤቱን ስም ጻፈው» አልኩት፡፡ ከሦስት ቀን በኋላ አስተካክሎ አመጣው፡፡ የመሥሪያ ቤቱን ስም ጽፎበታል፡፡ ሄዶ ጠይቆም ኖሮ ዳር ላይ በእርሳስ የደመወዙን እርከን አስፍሯል፡፡