ለአባት፣ ለአጎትና ለወንድም የሚሆን የዒድ ካርድ፦ በማኅተምና በብረት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ዒድ ሲቃረብ ከግቢ ወደ ቤት የምንልከው ነገር ይታወቃል። ለእናት ሻርፕ፣ ለታናናሾች ከረሜላና ኳስ እንልካለን። አባት ጋ ስንደርስ ግን ግራ ይገባናል። ዓመቱን ሙሉ የምንደውልለት "ብር አለቀብኝ" ልንለው ነው፤ እሱም "እሺ፣ ይላካል" ብሎ ስልኩን ይዘጋል። ለአባት ምስጋና በስልክ ማውራት ደግሞ በእኛ ሀገር አልተለመደም። ሱቅ የሚሸጠውን ካርድ እንግዛለት ብንል በላዩ ያለው ጽጌረዳ፣ ልብና ሮዝ ሪባን ነው። ጋቢውን ደርቦ ዱላውን ይዞ ከመስጂድ ለሚመለስ የጣርማ በር ሰው ይህ አይመስለውም።

ስለዚህ ከጣርማ በር የመጣን ተማሪዎች ካርዱን በእጃችን መሥራት ያዝን። አበባና ሪባን የለበትም። ጌጡ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ራሳችን የምንቀርጸው ማኅተምና ጥቂት ብረታ ብረት። አሠራሩን ለሁላችሁም እንዲጠቅም በዚህ ጽሑፍ እናብራራለን።

ለምን ማኅተም?

በመድረሳ ሲራ የተማረ ሁሉ ይህን ታሪክ ያውቀዋል። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከሑደይቢያ ስምምነት በኋላ ለነገሥታት ደብዳቤ ሊልኩ ሲያስቡ፣ ነገሥታት ማኅተም የሌለውን ደብዳቤ እንደማያነቡ ተነገራቸው። ያን ጊዜ የብር ቀለበት አሠሩ። በላዩ የተቀረጸው በሦስት መስመር ነበር፤ "ሙሐመድ" አንድ መስመር፣ "ረሱል" አንድ መስመር፣ "አላህ" አንድ መስመር። ለቂሳራ፣ ለኪስራና ለሐበሻው ነጃሺ ደብዳቤ እንደላኩ በሐዲስ ተዘግቧል። ቀለበቱ ከእሳቸው በኋላ አቡበክር፣ ቀጥሎ ዑመር፣ ከዚያም ዑስማን (ረ.ዐ) እጅ ላይ ነበር፤ በዑስማን ዘመን አሪስ ከተባለ ጉድጓድ ገብቶ ሦስት ቀን ተፈልጎ አልተገኘም። ሌላ ሰው ያንኑ ጽሑፍ በራሱ ቀለበት ላይ እንዳይቀርጽ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መከልከላቸውም ተዘግቧል። ማኅተም የባለቤቱ መታወቂያ ነውና።

በሀገራችንም የዐፄ ቴዎድሮስና የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ማኅተሞች ከግዕዝ ፊደል ጋር የዐረብኛ ጽሑፍ ነበረባቸው፤ ከጎረቤት መንግሥታት ጋር መጻጻፊያው ዐረብኛ ስለነበር። በሐረር ደግሞ ቁርኣንና ኪታብ የሚደጉሱ ባለሙያዎች የቆዳውን ሽፋን በቅርጽ መምቻ ያስጌጡ ነበር። ዛሬም በሸሪፍ ሐረር ከተማ ሙዚየም እንዲህ የተደጎሱ ብዙ የእጅ ጽሑፎች ይገኛሉ። እንግዲህ ወረቀትን በማኅተምና በብረት ማስከበር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

200 ግራም አካባቢ የሆነ ወፍራም ወረቀት፣ ትልቅ ላጲስ፣ ምላጭ ወይም ካተር፣ የማኅተም ቀለም፣ ቀለሙ ያለቀ እስክርቢቶ፣ ማስመሪያ፣ የብርጭቆ ወረቀትና ማስቲሽ። ለብረቱ ባዶ የለስላሳ ጣሳ፣ ቁራጭ የመብራት ሽቦና ትንንሽ የብሎን ዋሸር ይበቃል። አብዛኛው ከዶርም መሳቢያ ወይም ከወርክሾፕ ጥራጊ የሚገኝ ነው፤ ከጥራጊው ስንወስድ ግን አስፈቅደን ይሁን።

አንድ የኤ4 ወረቀት ለሁለት ሲቆረጥ ሁለት ካርድ ይወጣዋል። ግማሹ ሲታጠፍ 105 በ148 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ወፍራም ወረቀት ዝም ብሎ ሲታጠፍ ጀርባው ይሰነጠቃል። ስለዚህ መጀመሪያ በማስመሪያ ዳር ቀለም በሌለው እስክርቢቶ ጫን ብለን እናሰምራለን፤ የተጨቆነው መስመር ላይ ወረቀቱ ራሱ ይታጠፋል።

ማኅተሙን መቅረጽ

ለጀማሪ ቀላሉ ቅርጽ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ ነው። ሁላችንም በሙስሐፍ ውስጥ አይተነዋል፤ የሒዝብን ሩብ የሚያመለክተው ምልክት እሱ ነው። 60 ሒዝብ እያንዳንዱ በአራት ሲከፈል 240 ሩብ ይሆናል። ኮከቡ ሁለት እኩል ካሬዎች ሲሆኑ አንደኛው በሌላው ላይ በ45 ዲግሪ ዞሮ ተቀምጧል። 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ እንዲገባ ከፈለግን የካሬው ጎን 14 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ 20ን ለ2 ካሬ ሥር ማካፈል ነው። እንዲህ ያለ ጂኦሜትሪ የሰውም የእንስሳም ምስል ሳያስፈልገው ካርዱን ያስውባል።

ቅርጹን ላጲሱ ላይ በቀጥታ አንሣል። ማኅተም ሲመታ ግራው ቀኝ ስለሚሆን ኮከብ ባይጎዳም ፊደል ይገለበጣል። "ዒድ" ብለን ብንቀርጽ የ"ዒ" እግር ወደ ግራ ዞሮ ይወጣል፤ የዐረብኛውም ጽሑፍ እንዲሁ። መፍትሔው ቀላል ነው። በስስ ወረቀት ላይ በለስላሳ እርሳስ በትክክለኛው አቅጣጫ እንጽፋለን፣ ወረቀቱን ገልብጠን ላጲሱ ላይ እናስቀምጣለን፣ በጥፍር እናሸዋለን። የእርሳሱ ምልክት ተገልብጦ ላጲሱ ላይ ይቀራል፤ ስንመታው ደግሞ ተመልሶ ይቃናል።

ስንቆርጥ ምላጩን ከመስመሩ ወደ ውጭ እናጋድላለን። እንዲህ ሲሆን ጎልቶ የሚቀረው ክፍል ሥሩ ሰፊ፣ ጫፉ ቀጭን ይሆናል። ምላጩ ወደ ውስጥ ከገባ ግን ሥሩ ይቦረቦርና በሁለተኛው ምት ጠርዙ ይቆረሳል። 2 ሚሊ ሜትር ጥልቀት በቂ ነው። ቆርጠን ስንጨርስ ማኅተሙን ቀለሙ ላይ በኃይል አንጫነው፤ ቀስ ብለን ነካ ነካ እናድርገው። ከካርዱ ሥር ሁለት ሦስት ደብተር አንጥፈን፣ ቀጥ አድርገን ተጭነን፣ ሦስት ቆጥረን፣ ሳናንቀሳቅስ ቀጥታ ወደ ላይ እናነሣለን። ሁልጊዜም መጀመሪያ በቁራጭ ወረቀት መሞከር ይገባል።

ለትልቅ ቅርጽ ላጲስ አይበቃም። ያን ጊዜ ከጎሚስታ ያረጀ ከመነዳሪ ለምነን በመቀስ እንቆርጥና እንጨት ላይ በማስቲሽ እንለጥፈዋለን። የጣርማ በርን ዋሻ የሠራነው እንዲህ ነው። ዋሻው ጣሊያን ሀገራችንን በያዘበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም ባሉት ዓመታት፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ የተፈለፈለ ነው። ሕዝቡ የሙሶሊኒ ዋሻ ይለዋል። ከላይ የገብስ ሀገር ነው፤ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ የማሽላ ሀገር። በጭጋጉ መሃል መኪና ሲነዳ ወይም እህል ጭኖ ሲመላለስ ለኖረ አባት የዚያ ዋሻ አፍ ከየትኛውም አበባ ይልቅ የራሱ ነው። ቅርጹም አስቸጋሪ አይደለም፤ ከላይ ግማሽ ክብ፣ ከታች ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች።

አንድ ማሳሰቢያ እናክል። በክብ መሃል ኮከብ፣ ዙሪያውን ጽሑፍ ያለው ማኅተም አትቅረጹ። የመሥሪያ ቤት ማኅተም ይመስላልና ለጨዋታ የተሠራው ነገር ሌላ ጥያቄ ያመጣል።

ብረቱ

ለካርዳችን የምንመርጠው የብር፣ የመዳብና የብረት መልክ ነው። ወርቅ ማጌጫነቱ ለወንድ እንዳልተፈቀደ እናውቃለን። ወረቀት ላይ ስለሚለጠፍ ወርቅማ ቀለም ፍርድ መስጠት የዑለማዎቻችን ነው፤ እኛ ግን የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀለበት ብር መሆኑን እያሰብን ከብርማው መልክ እንጀምራለን።

የለስላሳ ጣሳ ግድግዳ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው አሉሚኒየም ነው፤ በተራ መቀስ ይቆረጣል። የውስጠኛው ገጹ ብርማ ነው። ጠርዙ እጅ ስለሚቆርጥ በብርጭቆ ወረቀት እናለዝበው፣ ማዕዘኖቹንም እናክብብ። በታጠፈ ጨርቅ ላይ አስቀምጠን ከጀርባው ቀለም በሌለው እስክርቢቶ ስንስል፣ ከፊት በኩል ጎልቶ ይወጣል። እዚህም ፊደል ይገለበጣልና ከጀርባ የምንጽፈው ተገልብጦ መሆን አለበት። አንዱን መስመር ደጋግሞ ማሸት ግን አይገባም። በማቴሪያል ትምህርት እንደተማርነው ብረት በቀዝቃዛው ሲታጠፍ እየጠነከረና እየተሰበረ ይሄዳል፤ ስስ አሉሚኒየምም እንዲሁ ይቀደዳል።

ለመብራት መስመር የሚዘረጋው ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ፕላስቲኩ ሲላጥ 1.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው መዳብ ነው። በወፍራም ብረት ላይ በመዶሻ ሲቀጠቀጥ ጠፍጣፋ ጥብጣብ ይሆናል። ሲቀጠቀጥ ከደረቀና ለመታጠፍ እንቢ ካለ፣ በከሰል ላይ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን አግለን ውኃ ውስጥ እንከተዋለን። እንደ ብረት አይደለም፤ መዳብ በዚህ መንገድ ይለሰልሳል። ጥቁረቱን ሎሚና ጨው ያስለቅቀዋል። ከዚያም ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ብንቀባው አየር ስለማያገኘው ድምቀቱ ይቆያል። በዋሻው ካርድ ላይ ወደ ዋሻው የሚገባው መንገድ ይህ የመዳብ ጥብጣብ ነው።

ዋሸር ስንመርጥ ውፍረቱን እንይ። ለ4 ሚሊ ሜትር ብሎን የሚሆነው 9 ሚሊ ሜትር ስፋት ኖሮት ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ፖስታ ውስጥም ይገባል። ከዚያ የበለጠው ካርዱን ያጎብጠዋል። በአንድ ካርድ ላይ ከሦስት በላይ ብረት ባይደረግ ይመረጣል፤ ሲበዛ ካርዱ ወደ ፊት ይደፋል።

ማጣበቅ

ነጩ ኮላ ሁለት ወረቀት ያጣብቃል እንጂ ብረት አይዝም። የሚደርቀው ውኃውን ወረቀቱ ሲመጠው ነው፤ ብረት ደግሞ ውኃ አይመጥም። ስለዚህ የጫማ ሰፊዎችን ማስቲሽ እንጠቀማለን። የብረቱን ጀርባ በብርጭቆ ወረቀት እናሻክር፣ ሁለቱንም ገጾች በስሱ እንቀባ፣ እጅ ላይ እስከማይጣበቅ ድረስ እንጠብቅ፣ ከዚያ እንግጠማቸው። መስኮት ከፍቶ መሥራት ግዴታ ነው፤ ሽታው ያዞራል። ማኅተሙንም ብረት ላይ ከመምታት ወረቀቱ ላይ እንምታ፤ ቀለሙ ብረት ላይ ሳይደርቅ ይቆይና ይፋቃል።

በየትኛው ፊደል ይጻፍ?

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው። እኛ የመንግሥት ትምህርት ቤት የተማርን ልጆች ሳናስብ በፊደል እንጽፋለን። ከአባቶቻችን መካከል ግን ቁርኣን አቅርተው፣ ፊደል ለመቁጠር ዕድል ያላገኙ አሉ። የዐረብኛው ፊደል ለእነሱ ቅርብ ነው። አማርኛን በዐረብኛ ፊደል መጻፍም የቆየ ዐጀሚ የሚባል ትውፊት አለው፤ የወሎው ታላቅ ዓሊም ሸኽ ጦልሃ ጃዕፈር በአማርኛ መንዙማቸውን የጻፉት በዚሁ ነው። አባታችን ዐረብኛውን የሚያነብ ከሆነ በዐጀሚ እንጻፍለት። ያን ጊዜ ካርዱን ሌላ ሰው እንዲያነብለት ሳይለምን፣ ብቻውን ሆኖ፣ የፈለገውን ያህል ጊዜ ያነበዋል። ልጁ በመድረሳ የቀራውም ከንቱ እንዳልቀረ ያያል።

የአላህን ስምና የቁርኣን አንቀጽ ግን ከካርዱ ባናስገባ ይሻላል። ካርድ ይወድቃል፣ ይረገጣል፣ አንድ ቀን ከቆሻሻ ጋር ይጣላል። ዱዓውን ስንሰጠው በአፋችን እንበለው፤ ተቀበለላሁ ሚንና ወሚንኩም። ከካርዱ ላይ "ዒድ ሙባረክ" ይበቃል።

ውስጡ ደግሞ ሦስት መስመር አይለፍ። "ስለ ሁሉም ነገር አመሰግናለሁ" ከማለት እሱ ያደረገውን አንድ ነገር ለይተን እንጥቀስ። ለምሳሌ፦ "አባባ፣ ባለፈው ገብሱን ሸጠው በላኩልኝ ብር ካልኩሌተር ገዝቼ ፈተናዬን በእሱ ሠራሁ። ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።" ከሥሩ ስማችንና ራሳችን የቀረጽነው ማኅተም። ይህን ያነበበ አባት የላከው ብር የት እንደደረሰ ያውቃል። ለአጎትም፣ ትምህርቱን አቋርጦ እኛን ላስተማረ ታላቅ ወንድምም እንዲሁ ነው። እንዲያውም ወንድም ብዙ ጊዜ ይረሳል።

አንድ ካርድ ለማዘጋጀት የሁለት ምሽት ሥራ በቂ ነው፤ የመጀመሪያው ለማኅተሙ፣ ሁለተኛው ለብረቱና ለማጣበቁ። ማስቲሹ በደንብ እንዲደርቅ ቢያንስ አንድ ሌሊት ከወፍራም መጽሐፍ ሥር ይደር። መጪው ዒድ ከመድረሱ በፊት መሥራት የሚፈልግ ወንድም ወይም እህት ላጲስና ምላጭ ይዞ ከዒሻ ሶላት በኋላ ይምጣ፤ የቀረውን አብረን እንፈልጋለን ኢንሻአላህ።

አላህ ወላጆቻችንን በጤና ያቆይልን፤ የሞቱትን ይዘንላቸው፤ ልፋታቸውንም ከንቱ አያድርግብን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።