«መዝገቡ አልከፈት አለን»፦ የመረጃ ቋት ግንኙነት ሲቋረጥ ምን እናድርግ?

ለአረጋውያንና ለወላጅ አልባ ሕፃናት ወርኃዊ ድጋፍ በሚታደልበት ሰሞን፣ አንድ የአጥቢያ ልማት ክፍል የተረጂዎችን ዝርዝር ከመረጃ ቋቱ ማውጣት ተስኖት ዕደላው ሦስት ቀን ዘገየ። መዝገቡ የጠፋ መስሏቸው ብዙዎች ደንግጠው ነበር፤ ሆኖም የተቋረጠው ከሰርቨሩ ጋር ያለው ግንኙነት ብቻ ነበር። ተመሳሳይ ጥያቄ ከሌሎች ሰበካ ጉባኤያትም ስለሚቀርብልን መንሥኤውንና መፍትሔውን በአጭሩ እናብራራለን።

ኮምፒውተር ከሰርቨር ጋር ሲገናኝ ሁለት ነገሮች ይፈጸማሉ። አንደኛው ምስጠራ ነው፤ መረጃው በመንገድ ላይ በሌላ ሰው እንዳይነበብ ይሸፍነዋል። ሁለተኛው የማንነት ማረጋገጫ ነው፤ የመጣው ሰው የተፈቀደለት መሆኑን ይመረምራል። ስለዚህ አስቀድሞ እንቅፋቱ ከየትኛው እንደሆነ መለየት ይገባል። በስፋት የሚሠራበት ማይኤስኪውኤል የተባለው የመረጃ ቋት ይህን በቁጥር ያመለክታል።

2003 ከሆነ ኮምፒውተሩ ከሰርቨሩ ጨርሶ አልደረሰም፤ ኢንተርኔቱና ሰርቨሩ ይታዩ።

2026 ከሆነ ችግሩ የምስጠራው ነው። የሰርቨሩ የምስክር ወረቀት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ከላይ በጠቀስነው አጥቢያ የኮምፒውተሩ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተሞልቶ ስለነበር ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቶ፣ የምስክር ወረቀቱ ገና ያልተሰጠ መስሎ ታየው። ቀኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲስተካከል ግንኙነቱ ተመለሰ። ወረቀቱ በእርግጥ ጊዜው ካለፈበት ግን ባለሙያው ያድሰው።

1045 ከሆነ ስሙ ወይም የይለፍ ቃሉ አልተስማማም፤ ወይም ተጠቃሚው ከዚያ ኮምፒውተር እንዲገባ አልተፈቀደለትም።

2059 ከሆነ ፕሮግራሙ ሰርቨሩ የሚጠይቀውን የማረጋገጫ ስልት አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው 8.0 እትም ስልቱን ስለለወጠ አሮጌ ፕሮግራሞች ይቸገራሉ፤ መፍትሔው ፕሮግራሙን ማደስ ነው።

አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። አንዳንዶች ቶሎ እንዲሠራላቸው ምስጠራውን ያጠፋሉ፤ ግንኙነቱም ይመለሳል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሕሙማንና የድሆች ስም ለማንም ተገልጦ ይተላለፋል። ካህን የንስሐ ልጁን ምሥጢር እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ ችግራቸውን አምነው የነገሩንን ወገኖች መዝገብ መጠበቅ አደራችን ነው።

ስለዚህ ችግር ሲያጋጥም ቁጥሩንና የተከሠተበትን ሰዓት ጽፋችሁ አስታውቁን፤ የይለፍ ቃላችሁን ግን ለእኛም ቢሆን አትላኩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።