የጨረር ሕክምና ፊዚክስና የአዲስ አበባ አየር

ከጦር ኃይሎች በቀላል ባቡሩ ተሳፍሮ፣ ኮካ ኮላንና ልደታን አልፎ ተግባረ ዕድ የወረደ ሰው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለመድረስ ብዙ አይራመድም። በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የተጀመረው እዚያ ነው፤ ጊዜው 1997 እ.ኤ.አ.፣ መሣሪያው የኮባልት 60 ማሽን። ከሃያ ዓመት በላይ ከየክልሉ የሚመጣ የካንሰር ታካሚ ጨረር ታዞለት ሌላ መሄጃ አልነበረውም። ወረፋው በወራት እስኪቆጠር የረዘመው በሰዉ ብዛት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ፊዚክስም ግን ድርሻ ነበረው።

ኮባልት 60 በ5.27 ዓመት ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል፤ በወር ሲሰላ 1 በመቶ ገደማ ይደክማል። ምንጩ አዲስ ሳለ 2 ደቂቃ ጨረር የሚበቃው ታካሚ ከአምስት ዓመት በኋላ 4 ደቂቃ ገደማ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ 7 ደቂቃ ተኩል ገደማ መተኛት አለበት። ማሽኑ ሳይበላሽ፣ ባለሙያውም ከሥራው ሳይቀር በቀን የሚታከመው ሰው ያንሳል። የደቂቃውን ሠንጠረዥ እንደገና የሚያሰላው የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያው፣ በተለምዶ ሜዲካል ፊዚሲስት የምንለው ሰው ነው። እሱ ከዘነጋው ታካሚው ከታዘዘለት ያነሰ ጨረር ወስዶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ማንም አያውቅም።

በቅርብ ዓመታት ጥቁር አንበሳና ጅማ ሊናክ የሚባለውን ማሽን ተክለዋል። ሊናክ ኤሌክትሮኖችን በማይክሮዌቭ አፍጥኖ ከተንግስተን ብረት ጋር በማላተም ኤክስሬይ ያመነጫል፤ ሲያጠፉት ይጠፋል፣ የሚደክም ምንጭም የለውም። የኮባልት ጨረር ከቆዳ በታች ግማሽ ሴንቲሜትር ላይ ሲበረታ የ6 ሜጋቮልቱ ሊናክ 1.5 ሴንቲሜትር ገደማ ላይ ስለሚበረታ ቆዳውም ይተርፋል። ታዲያ ሊናክ ሲመጣ የፊዚሲስቱ ሥራ የሚቀል ለሚመስለው ሰው ነገሩ ተቃራኒ ነው። የኮባልት ድካም ከዓመታት በፊት በወረቀት ሊሰላ ይችላል፤ ሊናክ ግን ሳያስጠነቅቅ ከልኩ ፈቀቅ ስለሚል በየቀኑ ይለካል።

በሕክምና ፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪ ከሚሰጡት ትምህርቶች ውስጥ የአዲስ አበባ ተማሪ ከሁሉ አብልጦ ሊጨነቅበት የሚገባው ይኸው ልኬት ነው ባይ ነኝ። ጨረሩ የሚለካው በውኃ ገንዳ ውስጥ በሚጠልቅ አዮናይዜሽን ቻምበር ነው። በቻምበሩ ውስጥ ያለውን ጥቂት አየር ጨረሩ ሲመታው የኤሌክትሪክ ሙል ይፈጠራል፤ ሙሉ ተለክቶ ወደ ግሬይ ይመነዘራል። አንድ ግሬይ በአንድ ኪሎ ግራም አካል ላይ ያረፈ አንድ ጁል ነው። ለአንድ ቀን የተለመደው 2 ግሬይ ገላን በሺህኛ ዲግሪ እንኳ አያሞቅም፤ ዕጢውን የሚጎዳው የሴሉን ዲኤንኤ በመበጠስ ነው።

አብዛኞቹ ቻምበሮች ከውጭው አየር ጋር የሚገናኝ ቀዳዳ ስላላቸው በውስጣቸው ያለው የከተማው አየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ግፊቷ 77 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው፤ የቻምበሩ መለኪያ ቁጥር የተሰጠው ግን በ101.3 ነው። ሩቡ አየር የለም ማለት ነው። ይህን የግፊት ልዩነት ማረም የረሳ ሰው ንባቡን በሩብ አንሶ ያገኘዋል፤ ማሽኑ ደከመ ብሎ ጊዜውን ቢያስረዝም ታካሚው 30 በመቶ ገደማ ትርፍ ይወስዳል። በሙያው የሚታለፈው ስሕተት ደግሞ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስልክ ላይ የሚታየውን የአየር ግፊት የሚያምን ሰው እዚሁ ወጥመድ ውስጥ ይገባል፤ ያ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ወደ ባሕር ጠለል ተመንዝሮ ስለሚሰጥ አዲስ አበባና ጅቡቲ ተቀራራቢ ይመስላሉ። ባሮሜትሩ ከማሽኑ ጋር አንድ ሕንፃ ውስጥ መኖር አለበት።

እንዲህ ያለ ስሕተት ሰው ይገድላል ወይ ለሚል የኮስታሪካው ታሪክ ይበቃል። በ1996 እ.ኤ.አ. ሳን ሆሴ ከተማ ውስጥ የኮባልት ምንጭ ሲቀየር 0.3 ደቂቃ፣ ማለትም 18 ሰከንድ፣ 30 ሰከንድ ተደርጎ ተነበበ። ከ100 በላይ ታካሚዎች ከሚገባቸው በግማሽና ከዚያ በላይ የበዛ ጨረር ወሰዱ፤ የሞቱም አሉ። የተሳተው ሒሳብ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የሚሠራው ነበር።

ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ከድኅረ ምረቃው ትምህርት በተጨማሪ ቢያንስ ሁለት ዓመት በሆስፒታል የተግባር ሥልጠና የሚጠይቀው ለዚህ ነው። በጣልያን ትሪየስተ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለታዳጊ አገሮች ተመራቂዎች የሚሰጠው የሁለት ዓመት ማስተርስ አንዱን ዓመት በክፍል፣ ሌላውን በሆስፒታል ያሳልፋል። እኛ ዘንድ የአራት ኪሎው ፊዚክስም ሆነ ጥቁር አንበሳ የአንድ ዩኒቨርሲቲ አካል ናቸውና ይህን ላለማድረግ የቦታ ርቀት ሰበብ ሊሆን አይችልም።

የፊዚክስ ዲግሪ ይዛችሁ ይህን ዘርፍ የምታስቡ ካላችሁ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት የኮርሶቹን ዝርዝር ከማየት አስቀድማችሁ ይህን ጠይቁ፦ የምንሠለጥንበት ሆስፒታል የትኛው ነው? ማሽኑ አጠገብ ስንት ወር እንቆያለን? የለካነውን ደግሞ ለክቶ የሚያርመን ማን ነው?