ጎጆ የሚጋራ ሁሉ አባት አይደለም፦ ስለ እንስሳትና ዕፅዋት አባትነት ተረትና እውነታ

ወንድና ሴት ወፍ ጎጆ አብረው ሲሠሩና ጫጩቶቻቸውን ተራ በተራ ሲመግቡ ያየ ሰው የጫጩቶቹ አባት ያ ወንድ መሆኑን አይጠራጠርም። የሥነ ሕይወት ሊቃውንትም ለረጅም ዘመን ከዚህ የተለየ አላሰቡም። እንግሊዛዊው የወፎች ተመራማሪ ዴቪድ ላክ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው መጽሐፍ ከወፍ ዝርያዎች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት አንድ ለአንድ ተጣምረው እንደሚኖሩ ጻፈ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደዚሁ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ተጣምሮ በመኖር ረገድ ላክ ብዙም አልተሳሳተም። ስሕተቱ አብሮ ማሳደግን ከመውለድ ጋር አንድ አድርጎ ማየቱ ላይ ነበር።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ የመጣው ከዘረመል ምርመራ በፊት ነው። በአሜሪካ ሰብል የሚያጠፉ፣ ትከሻቸው ቀይ የሆነ ጥቁር ወፎችን ለመቀነስ ወንዶቹን በቀዶ ጥገና የማምከን ሙከራ ተደረገ። በ1975 የታተመው ውጤት ያልተጠበቀ ነበር፤ በመከኑት ወንዶች ይዞታ ጎጆ ከሠሩት ሴቶች ብዙዎቹ ዘር የያዘ እንቁላል ጣሉ። አባቱ ማን እንደሆነ ግን ማወቂያ አልነበረም። መንገዱ የተከፈተው አሌክ ጀፍሪስ በ1984 በሌስተር ዩኒቨርሲቲ የዲኤንኤ አሻራን ካገኘ በኋላ ሲሆን፣ ዘዴው በ1987 በቤት ድንቢጦች ላይ ተሞከረ።

የምርመራው መሠረት ቀላል ነው። ጫጩት ከእያንዳንዱ የዲኤንኤ ቦታ ሁለት ቅጂ አለው፤ አንዱ ከእናቱ፣ ሌላው ከአባቱ የመጣ። ተመራማሪዎች የሚመርጡት ርዝመታቸው ከአንዱ ወፍ ወደ ሌላው የሚለያይ ቦታዎችን ነው። ለምሳሌ በአንድ ቦታ ላይ የእናቲቱ ቅጂዎች ርዝመት 120 እና 124፣ የጫጩቱ ደግሞ 124 እና 132 ቢሆን፣ 124 ከእናቱ ስለመጣ 132 የግድ ከአባቱ ነው። ጫጩቱን የሚመግበው ወንድ 118 እና 126 ከሆነ አባትነቱ አጠራጣሪ ይሆናል። አንድ አለመገጣጠም በድንገተኛ የዘረመል ለውጥም ሊመጣ ስለሚችል በአንድ ምስክር አይፈረድም። ብዙ ቦታዎች ተመርምረው ሁለትና ከዚያ በላይ ሲጣረሱ ነው ወንዱ ከአባትነት የሚወጣው።

ውጤቱ ሲከማች የቀድሞው ሥዕል ተለወጠ። በ2002 የታተመ ሰፊ ግምገማ፣ በጥንድ በሚኖሩ የወፍ ዝርያዎች በአማካይ ከ11 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጫጩቶች ከጥንዱ ውጭ ካለ ወንድ እንደሚወለዱ አሳየ። ከተጠኑት የድንቢጥ ክፍለ መደብ ዝርያዎች ውስጥ ሁሉም ጫጩቶች ከጥንዱ የሚወለዱባቸው 14 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከሁሉ የሚደንቀው በአውስትራሊያ የሚኖረው፣ ወንዱ ደማቅ ሰማያዊ የሆነ ፌሪ-ሬን የሚባል ትንሽ ወፍ ነው። ጥንዶቹ ዓመቱን ሙሉ አይለያዩም፤ ከእነርሱ ጋር ሆነው ጫጩት የሚመግቡ ረዳት ወንዶችም አሉ። ሆኖም በ1994 በካንቤራ በተሠራ ጥናት ከጫጩቶቹ 76 በመቶ የሚሆኑት አባታቸው ከሌላ ቡድን ሆኖ ተገኘ። ሴቶቹ በትንሽ የሬዲዮ ማሰራጫ ሲከታተሏቸው ገና ሳይነጋ ከማደሪያቸው ወጥተው ወደመረጡት ወንድ ይዞታ እንደሚበሩና ቶሎ እንደሚመለሱ ታወቀ። ቀን ላይ ብቻ የሚመለከት ሰው ይህን ማየት አይችልም ነበር።

እንዲህ ከሆነ ወንዱ የራሱን ጫጩት ለይቶ ያውቃል የሚለው እምነትም አብሮ ይፈተሻል። ዳኖክ በምትባል የአውሮፓ ወፍ አንዳንድ ጊዜ ሁለት ወንዶች አንዲትን ሴት ይጋራሉ። በካምብሪጅ የዕፅዋት ማዕከል የተካሄደውና በ1989 የታተመው ጥናት እንደሚለው ወንዶቹ ጫጩቶቹን ለመመገብ የሚያወጡት ጉልበት የሚወሰነው እንቁላል በሚጣልበት ጊዜ ከሴቷ ጋር ባሳለፉት ጊዜ ልክ ነው። ምግቡን ሲያድሉ ግን የራሳቸውን ጫጩት ከሌላው አይለዩም።

ከዚህ በኋላ ሌላ ስሕተት ተተካ፤ በእንስሳት ዓለም ታማኝ የሚባል የለም የሚል። ይህም እውነት አይደለም። የካሊፎርኒያ አይጥ የሚባለው ዝርያ በ1991 በዲኤንኤ ሲመረመር ልጆቹ ሁሉ የጥንዱ ሆነው ተገኙ። በናሚቢያ የተጠናው የኪርክ እንሹም እንዲሁ ነው፤ በ1997 በታተመው ጥናት ከጥንዱ ውጭ የተወለደ ግልገል አልተገኘም። ዘመዶቹ በአዋሽና በሌሎች የኢትዮጵያ ቆላዎች ሁለት ሁለት ሆነው ስለሚታዩ የእንሹ ነገር ለኢትዮጵያ አንባቢ ቅርብ ነው። ወንዱ እንሹ ግልገል በማሳደግ አይረዳም። ስለዚህ ጥንድነት የሚመጣው ልጅ ያለ አባት ማደግ ሲያቅተው ብቻ ነው የሚለው ማብራሪያ እዚህ አይሠራም። ወንዱ የሚያደርገው ሴቷን ጥላው ሆኖ መከተል ነው። እርሷ ፍግ በጣለችበት ቦታ ሄዶ አፈሩን ይጭርበታል፣ የራሱንም ይጥልበታል፤ በዚህም ሽታዋ ለሌላ ወንድ እንዳይደርስ ይሸፍናል።

በመንጋ ለሚኖሩ እንስሳት ያለው እምነት ደግሞ ጉልበተኛው አውራ የሁሉም አባት ነው የሚል ነው። በሰሜን ተራሮች የሚኖሩት ጭላዳዎች ይህን ለመፈተን የተመቹ ናቸው። አንድ መሪ ወንድ ጥቂት ሴቶችን ይዞ ይኖራል፤ አንዳንዱ ቤተሰብ ግን ተከታይ የሚባሉ ተጨማሪ ወንዶችን ያስጠጋል። በ2012 የታተመው የዘረመል ጥናት መሪው ብቻውን ባለበት ቤተሰብ ልጆቹ በሙሉ የእርሱ መሆናቸውን አረጋገጠ። ተከታዮች ባሉበት ግን የመሪው ድርሻ 83 በመቶ ሲሆን 17 በመቶው የተከታዮቹ ነው። መሪው በዚህ የከሰረ ይመስላል። ሆኖም ተከታይ ያላቸው መሪዎች በሥልጣናቸው ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ፤ ሥፍራውን ሊነጥቁ የሚመጡትን ላጤ ወንዶች ተከታዮቹ አብረው ይመክታሉና። ዕድሜው ሲደመር ጥቂቱን ማካፈል ለመሪው ሳያዋጣው አይቀርም።

የባሌው ቀይ ቀበሮ ታሪክ ከዚህም የጠለቀ ትምህርት አለው። ወንዶቹ በተወለዱበት መንጋ ይቀራሉ፤ ከመንጋው የሚወጡት በአብዛኛው ሴቶቹ ናቸው። ስለዚህ ለአንዲት ሴት በመንጋዋ ያሉት ወንዶች የሥጋ ዘመዶቿ ሊሆኑ ይችላሉ። በ1996 የታተመው ጥናት በዓይን ከታዩት ግንኙነቶች 70 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ከጎረቤት መንጋ ወንዶች ጋር እንደነበሩ መዘገበ። ብዙ አንባቢ ከዚህ ተነሥቶ ቡችሎቹም አብዛኞቹ የውጭ ናቸው ይላል። በ2007 የታተመው የዲኤንኤ ጥናት ግን አባታቸው ከታወቀ ቡችሎች ውስጥ ከሌላ መንጋ የተወለዱት 28 በመቶ እንደሆኑ አሳየ። ሁለቱ ጥናቶች የተሠሩት በተለያየ ጊዜ ቢሆንም ልዩነቱ አንድ ነገር በግልጽ ያስረዳል፤ ግንኙነትን መቁጠር ልጅን መቁጠር አይደለም። በዚያው ምድር በዌብ ሸለቆ ከውሻ የተዳቀሉ ቀበሮዎች ሲገኙም መልሱን የሰጠው ከእናት ብቻ የሚወረሰው የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ነበር። በ1994 የታተመው ምርመራ ድቅሎቹ የቀበሮ ሚቶኮንድሪያ እንደያዙ ስላሳየ፣ እናቶቹ ቀበሮዎች፣ አባቶቹ ወንድ ውሾች መሆናቸው ታወቀ።

በአንድ ጊዜ የተወለዱ ቡችሎች አባታቸው አንድ ነው የሚለውም የተሳሳተ ነው። ውሻም ሆነች ድመት በአንድ የፍትወት ወቅት ከተለያዩ ወንዶች ጋር ከተገናኘች የተለያየ አባት ያላቸው ልጆች በአንድ ቀን ልትወልድ ትችላለች። የዚህ ግልባጭ የሆነው እምነት ደግሞ አንዲት ሴት በመጀመሪያ የተገናኘችው ወንድ በኋላ ከሌላ በምትወልዳቸው ልጆች ላይ ምልክቱን ይተዋል የሚል ነው። እምነቱን ያጠናከረው በ1820ዎቹ መጀመሪያ ለብሪታንያ ሮያል ሶሳይቲ የቀረበ ዘገባ ነበር፤ ከኳጋ፣ ማለትም ዛሬ ከጠፋው የሜዳ አህያ ዓይነት፣ የወለደች ባዝራ በኋላ ከፈረስ ስትወልድ ውርንጭሎቹ ሽንትር ታየባቸው የሚል። ዳርዊን ሳይቀር ተቀብሎት ነበር። በ1890ዎቹ ጄምስ ኮሳር ዩአርት በስኮትላንድ ባዝራዎችን በመጀመሪያ ከሜዳ አህያ፣ ቀጥሎ ከፈረስ እያዳቀለ ሲሞክር ግን እንዲህ ያለ ውርስ አላገኘም። ሽንትር ከሜዳ አህያ ጋር ጨርሶ ባልተገናኙ ፈረሶች ውርንጭሎች ላይም አልፎ አልፎ ይታያል።

ዶሮ አርቢ ግን እዚህ ላይ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ሴት ዶሮ የወንዱን ዘር በማህፀኗ አካባቢ ባሉ ጥቃቅን ቱቦዎች ለሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ታቆያለች። የድሮውን አውራ ዶሮ ዛሬ አውጥቶ በምትኩ የተሻሻለ ዝርያ ያስገባ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት የሚሰበስበው እንቁላል አሁንም የድሮው ሊሆን ይችላል። ይህ የዘር ቆይታ እንጂ የደም ምልክት አይደለም፤ ሦስት ሳምንት ያህል የታገሠ ሰው ችግሩን ያልፈዋል።

ንግሥት ንብም ዘር ታስቀምጣለች፣ ያውም ለዓመታት። የቀፎው ሠራተኞች የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ይመስላሉ። ንግሥቲቱ ግን ገና በወጣትነቷ ወደ ውጭ በርራ አየር ላይ ከአሥር እስከ ሃያ ከሚሆኑ ድንጉላዎች ጋር ትገናኛለች፤ ስለዚህ በአንድ ቀፎ ብዙ የአባት ወገኖች አሉ። በ2007 የታተመ ሙከራ ከብዙ ድንጉላዎች ዘር ያገኙ ንግሥቶች ቀፎ ከአንድ ብቻ ካገኙት ይበልጥ ቀለብ እንደሚሰበስብና እንደሚጠነክር አሳይቷል።

ይህ ማስረጃ፣ ብዙ ወንድ ማግኘት የሚጠቅመው ለወንድ እንጂ ለሴት አይደለም የሚለውን የቆየ አስተሳሰብ ይነካል። የአስተሳሰቡ ምንጭ አንገስ ጆን ቤትማን በ1948 በፍራፍሬ ዝንቦች ላይ ያደረገው ሙከራ ነው። ዲኤንኤ ገና ስለማይነበብ ወላጆቹን የለየው በዓይን በሚታዩ የአካል ለውጦች ነበር። በ2012 ፓትሪሺያ ጎዋቲና ባልደረቦቿ ሙከራውን ሲደግሙት ትልቅ ጉድለት አገኙ። ከእናትም ከአባትም ለውጥ የወረሱት ብዙዎቹ ሳያድጉ ስለሚሞቱ ቆጠራው የተዛባ ነበር፤ በቤትማን ቁጥር የአባቶች ልጆች ከእናቶች ልጆች በልጠው ይገኛሉ። እያንዳንዱ ዝንብ አንድ እናትና አንድ አባት ስላለው ይህ ፈጽሞ ሊሆን አይችልም።

ስለ ሰው የሚወራው ደግሞ ከአሥር ልጆች አንዱ፣ አንዳንዴም ከሦስት አንዱ የሌላ ነው የሚል ነው። ከፍተኛው ቁጥር የሚመጣው ከአባትነት መመርመሪያ ቤቶች ነው፤ ወደዚያ የሚሄዱት ግን አስቀድመው የተጠራጠሩ ሰዎች ናቸው። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚተላለፈውን ዋይ ክሮሞዞም ከትውልድ መዝገብ ጋር በማነጻጸር በቤልጂየም የተሠሩ ጥናቶች በትውልድ 1 በመቶ ገደማ አግኝተዋል። በ2019 የታተመው ተከታይ ጥናት ቁጥሩ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በተጨናነቁ ከተሞች በሚኖሩ ድሆች ዘንድ ወደ 6 በመቶ እንደደረሰ አሳይቷል። በናሚቢያ ሂምባዎች መካከል በ2020 የተገኘው 48 በመቶ ከሁሉ የራቀ ነው። ነገር ግን በዚያ ማኅበረሰብ ከትዳር ውጭ የሚደረግ ግንኙነት በባህሉ የተለመደ ሲሆን፣ ወላጆቹም የትኛው ልጅ ከማን እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ ያውቃሉ። መልክ ወይም የደም ዓይነት መመሳሰል በበኩሉ አባትነትን አያረጋግጥም፤ የደም ዓይነት ሊያደርግ የሚችለው ወንዱ አባት ሊሆን እንደማይችል አንዳንድ ጊዜ ማሳየት ነው።

ወደ ዕፅዋት ሲመጣ የተለመደው ግምት የዘሩ አባት ከጎን ያለው ዛፍ ነው የሚል ነው። በናሚቢያ በኡጋብ ወንዝ ዳር በሾላ ዛፎች ላይ የተሠራውና በ2009 የታተመው የአባትነት ምርመራ ይህን ገለበጠው። ርክበ ብናኝ የምታካሂደው ርዝመቷ ከሁለት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ አንድ ሁለት ቀን ብቻ የምትኖር ተርብ ናት። ነፋስ እየተሸከማት ብናኙን በአማካይ 89 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሲርቅም እስከ 160 ኪሎ ሜትር ታደርሳለች። ብቻውን የቆመ የሚመስል ሾላ ልጆቹን ሩቅ አገር ሊያፈራ ይችላል።

ጤፍ በተቃራኒው ራሱን በራሱ ያራባል፤ ከሌላ ጤፍ ብናኝ የሚቀበለው ከመቶ አንድ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። በዚህ የተነሣ ጤፍን ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። በ1970ዎቹ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ታረቀ በርሄ አበባው ማለዳ ከ12:45 እስከ 1:30 ገደማ ለአጭር ጊዜ እንደሚከፈት አስተዋለ። አዳቃዩ ከዚያ በፊት ከእናቲቱ አበባ ሦስቱን የወንዴ ክፍሎች በማጉያ መነጽር እያየ በጥንቃቄ ያወጣል፤ ከተመረጠው አባት የተወሰደውን ብናኝም በዚያች አጭር ጊዜ ያደርሳል። በነጭነቱ የሚታወቀውን ማኛን በምርታማነቱ ከሚታወቀው ዱከም ጋር በዚህ መንገድ በማዳቀል የተገኘው ቁንጮ የተባለው ዝርያ በ2006 ከደብረ ዘይት ተለቀቀ።