ወራሽ ያጣው የወንዝ ዳር ሾላ

በሸዋ ቤንች፣ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዙሪያ ባሉት የቡና አገሮች በወንዝ ዳር የቆመ አሮጌ ሾላ ስናይ ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ ጥላው ነው። የሥነ ሕይወት ሳይንስ ግን ወደ ፍሬው ውስጥ እንድንመለከት ይጋብዘናል።

የሾላ አበባ ከውጭ አይታይም፤ ፍሬ በምንለው አካል ውስጥ ተሸሽጎ ያብባል። ከሰሊጥ የማትበልጥ ተርብ በጠባብ ቀዳዳ ገብታ የአበባ ብናኝ ታደርሳለች፤ እንቁላሏንም እዚያው ትጥላለች። ሴት ልጆቿ ብናኙን ተሸክመው ይወጣሉ። ዕድሜያቸው ከአንድ ሁለት ቀን ስለማይበልጥ በዚያች አጭር ጊዜ አበባው የደረሰ ሌላ ሾላ ማግኘት አለባቸው። ስለዚህ አንድ ሾላ ብቻውን አይበቃም፤ ጎረቤት ያሻዋል። የበሰለውን ፍሬ ጦጣ፣ ወፍና የሌሊት ወፍ እየበሉ ዘሩን ይበትናሉ። ሥሩም የወንዙን ዳር አፈር አቅፎ ከጎርፍ ይጠብቃል።

ታዲያ አደጋው ምንድን ነው? ቡና ጥላ ይወዳልና ገበሬው ትልልቅ ዛፎችን ለጥላ ያስቀራል። ነገር ግን የቡናው ሥር በተመነጠረ ቁጥር የዛፎቹ ችግኞችም አብረው ይታጨዳሉ። ደኑ ከላይ ሲታይ ለምለም ነው፤ ከታች ግን ተተኪ የለውም።

ዩኔስኮ የካፋን ደን በ2010፣ የሸካን ደን በ2012 እ.ኤ.አ. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቧል። በገበሬው ቡና መካከል የቆመው ሾላ ጠባቂ ግን ባለማሳው ራሱ ነው። የምናሳስበውም ቀላል ነገር ነው፦ በምንጠራ ወቅት ከወንዙ ዳር ጥቂት ችግኞች ይትረፉ። ሽማግሌው ሾላ ሲወድቅ ቦታውን የሚረከብ ልጅ የሚኖረው ያኔ ነው።