ሳይድካር አበባ ሲጭን

ከሞተር ብስክሌት ጎን የሚገጠመው ባለ አንድ ጎማ መቀመጫ ሳይድካር ይባላል። ከኮኛክ፣ ከብርቱካን ሊከርና ከሎሚ ጭማቂ የሚዘጋጀው ኮክቴልም ስሙን ያገኘው ከዚሁ መቀመጫ እንደሆነ ይነገራል። ፈጣሪው ማን እንደሆነ ግን ለንደንና ፓሪስ እስካሁን ይሻሙበታል። ስመ ጥሩው ባርማን ሃሪ ማኬልሆን በ1922 እ.ኤ.አ. ባወጣው የኮክቴል መጽሐፍ ምስጋናውን የሰጠው የለንደኑ ባክስ ክለብ ባልደረባ ለነበረው ፓት ማክጋሪ ነው።

ያኔ ሦስቱም እኩል እኩል ይገቡ ነበር። በ1930 የወጣው የሳቮይ ሆቴል የኮክቴል መጽሐፍ ብራንዲውን (ኮኛኩን) እጥፍ አደረገው። ዛሬ የዓለም አቀፉ የባርቴንደሮች ማኅበር መለኪያ 50 ሚሊ ሊትር ኮኛክ፣ 20 የብርቱካን ሊከርና 20 የሎሚ ጭማቂ ነው።

ሳይድካሩ አበባ ሲጭን፣ የኤልደር አበባ ሊከር የሚገባው በብርቱካን ሊከሩ ቦታ ነው። ኤልደር በአውሮፓ መንገድ ዳርና አጥር ሥር የሚበቅል ቁጥቋጦ ሲሆን፣ በጸደይ መጨረሻ ደቃቅ ነጫጭ አበቦቹን እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል። ሽታው ወደ ማርና ወደ በሰለ ወይን ያደላል፤ ኮኛክም የወይን ልጅ ስለሆነ ሁለቱ ሲገናኙ አይገፋፉም። ሮበርት ኩፐር በ2007 ሴንት ጀርሜን የተባለውን የኤልደር አበባ ሊከር ገበያ ላይ ሲያወጣ፣ ባርቴንደሮች ያላስገቡበት መጠጥ ስለጠፋ «የባርቴንደር ካቻፕ» የሚል ቅጽል ወጣለት።

ለውጡ የሽታ ብቻ አይደለም። ኩዋንትሮን የመሰለው የብርቱካን ሊከር 40 በመቶ አልኮል ሲኖረው የአበባው ግን 20 በመቶ ነው። ኮኛኩ 40 በመቶ ከሆነ፣ በረዶ ሳይነካው 31 በመቶ ገደማ የነበረው ሳይድካር ሙሉ በሙሉ ወደ አበባ ሲዞር 27 ላይ ይወርዳል። ይለሰልሳል፣ ይጣፍጣል፤ አንዳንዴም ሽቶ ሽቶ ይላል። ስለዚህ 20ውን ለሁለት ከፍሎ 10 አበባ፣ 10 ብርቱካን ማድረጉ ያዋጣል። የብርቱካኑ ልጣጭ ምሬት አበባውን ልክ ያስገባዋል።

ሎሚው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በውጭዎቹ መጽሐፎች የተጻፈው ትልቁ ቢጫ ሎሚ ነው። የአገራችን ትንሿ አረንጓዴ ሎሚ ኃይለኛ ስለሆነች በ15 ሚሊ ሊትር ጀምሮ መቅመስ ይበጃል።

ሁሉም በረዶ በሞላ ሼከር ውስጥ ገብቶ ቆርቆሮው ጉም እስኪለብስ፣ አሥራ ሁለት ሰከንድ ያህል በኃይል ይናጣል፤ ከዚያ ተጣርቶ በቀዘቀዘ ባለ እግር ብርጭቆ ይቀዳል። የብርጭቆውን ከንፈር ስኳር መቀባት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የኒው ኦርሊንስ ብራንዲ ክረስታ የተወረሰ ልማድ ነው፤ አበባ ለገባበት ግን ትርፍ ጣፋጭ ነው።

ጌጥ ካስፈለገ የብርቱካን ልጣጭ ይበቃል። የኤልደር ቅጠልና ግንድ መርዝነት ስላለው ትኩስ ዘለላ ቆርጦ ብርጭቆው ውስጥ መንከር አይመከርም።