ጋቢ የሌላት ቆሮሶ፦ ዓሣ በሽታን እንዴት ትከላከላለች?

ዳንግላ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ ማለዳዋ ብርድ ነው። እናንተ ጋቢ ትደርባላችሁ። ጓሯችሁ ኩሬ ቆፍራችሁ ቆሮሶ ታረባላችሁ እንበል፤ እሷስ ምን ትደርባለች? ምንም! የዓሣ የሰውነት ሙቀት ከውኃው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ችግሩ፣ ውኃው ሲቀዘቅዝ በሽታ የመከላከል አቅሟም አብሮ ይቀዘቅዛል።

እስቲ ከጠላቶቿ አንዱን እንተዋወቅ። ኤሮሞናስ ሃይድሮፊላ ይባላል፤ በወንዝም በኩሬም የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ጤነኛዋን ዓሣ ብዙ ጊዜ አይነካም። ስትዳከም ግን ደሟ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ያኔ ቆዳዋ ይቀላል፣ ይቆስላል፤ ሆዷ ያብጣል።

ታዲያ በደህናው ቀን ምን ያግደዋል? የመጀመሪያው አጥር ዓሣ ስትይዙ የሚያሙለጨልጫችሁ ዝልግልግ ፈሳሽ ነው። ውስጡ የባክቴሪያን ግድግዳ የሚያፈርስ ላይሶዛይም የተባለ ፕሮቲን አለ፤ በእናንተ እንባ ውስጥም ይኸው አለ። ያንን ያለፈውን ነጭ የደም ሕዋሳት ይውጡታል። ቀጥሎ ጠላትን ለይተው የሚይዙ ፀረ እንግዳ አካላት ይመረታሉ። የእኛ የደም ሕዋሳት የሚሠሩት መቅኒ ውስጥ ነው፤ የዓሣ ግን በዋናነት በኩላሊቷ የፊት ክፍል!

ለቆሮሶ የሚስማማት ውኃ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከዚያ በጣም ሲቀዘቅዝ የፀረ እንግዳ አካላት ምርት ይጓተታል። የታመመች ዓሣ ምርጫ ካላት ወደ ሞቃት ውኃ ትዋኛለች፤ ይህ የእሷ ትኩሳት ነው። በትንሽ ኩሬ ውስጥ ግን ወዴት ትሂድ?

ዓሣ ሲሞት አንቲባዮቲክ ኩሬው ውስጥ መበተን ያጓጓ ይሆናል። አታድርጉት። ከመድኃኒቱ የተረፉት ባክቴሪያዎች ይራባሉ፤ መድኃኒቱን የመቋቋም ችሎታቸውንም ሰውን ለሚያሳምሙ ባክቴሪያዎች ሊያስተላልፉ ይችላሉ። ያኔ እናንተ ስትታመሙ መድኃኒቱ አይሠራም ማለት ነው።

ሌላ መንገድ አለ። የኖርዌይ ሳልመን አርቢዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 ወደ 50 ቶን የሚጠጋ አንቲባዮቲክ ተጠቅመዋል። ዓሣዎቹን መከተብ ከጀመሩ በኋላ ምርታቸው በብዙ እጥፍ አደገ፣ አንቲባዮቲኩ ግን በቅርብ ዓመታት ከ1 ቶን በታች ወረደ።

እናንተስ? ዓሣዎቹን አታጨናንቁ። ምግብ ተርፎ ውኃው ውስጥ እንዳይበሰብስ መጥናችሁ ስጡ። የታመመችውን ቶሎ ለዩ። ዓሣ ከመያዛችሁ በፊት ደግሞ እጃችሁን በውኃ አርጥቡ፤ ደረቅ እጅ ያንን ዝልግልግ አጥር ገፍፎ ይወስደዋል።